ለዘርጋ የተተወው ግንድ

ባለፈው ሳምንት ወደ አብነት ወጣ ብዬ ነበር። ጉዳይ አለኝ ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት፤ ጉዳዩ ያው የጉልበት ቅባት መግዛት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ከዚህ የሚያልፍ ጉዳይ የለም። መንገድ ዳር አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ደረስኩ። ቆርቆሮው ወርዷል፣ ጭቃው ተንዶ አቧራው አካባቢውን ሸፍኖታል፣ ምሰሶዎቹ ብቻ ራቁታቸውን ቆመዋል። አንድ ቆብ ያጠለቀ ወጣት የሞተር መጋዝ አስነስቶ አንዱን ምሰሶ ከወገቡ ላይ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ጩኸቱ፣ ቀጥሎ ሽታው መጣ። የጥድ ሽታ። ስንት ዘመን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ የስንት ሰው ጢስ ጠጥቶ፣ ልክ ትናንት እንደተቆረጠ ሆኖ ሸተተኝ። እዚያው መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ተሸካሚው "እማማ ዞር በሉ!" ይላል፣ ባለመኪናው ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ ግን ቆሜ አሸታለሁ።

"እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?" አለኝ ባለመጋዙ ሞተሩን አጥፍቶ።

"ሽታውን ነው ልጄ።"

"እሱ እንኳ በነፃ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ይውሰዱ!" ብሎ ሳቀብኝ። ጓደኞቹም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ቅባቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቴ አማኑኤል ሰፈር ቤቴ ይዋል ይደር እንጂ ልቤ ያለው ገረቦ ነው።

ገረቦ የተወለድኩባት መንደር ናት። ካርታ ላይ የለችም፤ የአገሬ ሰዎች እንኳ ስሟን ስጠራላቸው "የት ነው እሱ ደግሞ?" ይሉኛል። ጉራጌ አገር፣ አውቶቡሱ ከሚያራግፍበት ከተማ ግማሽ ቀን በእግር ተሂዶ የሚደረስባት፣ ከሩቅ ጢሷ ካልሆነ በቀር የማትታይ መንደር ነበረች። ቤቶቿ በአንድ ሰፊ የሣር ሜዳ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይተያያሉ፤ ሜዳውን ጀፎረ እንለዋለን፣ መንገዳችንም፣ መሰብሰቢያችንም፣ ልቅሶና ሰርጋችንም እሱ ላይ ነው። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ደግሞ ዱር። በሦስት በኩል ዱር፣ በአራተኛው በኩል ገደል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከዱሩ ወጥቶ ጀፎረው ላይ ሲተኛ ጎረቤትህን የምታውቀው በሳሉ ነው። ድምፃችን ትልቅ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። በዛፍና በጉም መሃል መጣራት ስለለመድን መርካቶ ሻይ ቤት ገብተን እንኳ ስናወራ ሰው የተጣላን ይመስለው ነበር።

መንደሯ እንዴት እንደተቆረቆረች ሁለት ወሬ አለ። ወንዶቹ የሚያወሩት፣ አንድ ጀግና ፈረሰኛ ጦር ሲያሳድደው ፈረስ የማይገባበት ዱር ፈልጎ ገባና እዚያው ቀረ ብለው ነው። ሴቶቹ ግን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ላሟ ጠፍታባት ስትፈልግ ምንጭ ሥር ተኝታ አገኘቻት፣ ላሚቱ አልነሳም ስትላት ሴትየዋም እዚያው ጎጆ ቀለሰች ይላሉ። እኔ የሴቶቹን አምናለሁ። ጀግና ሰው መች እንዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚረጥብ ቦታ ይመርጣል! ደግሞም ምንጩ "የላሚቱ" ተብሎ ይጠራ ነበር እንጂ በጀግናው ስም የሚጠራ አንድ ድንጋይ እንኳ አልነበረንም።

ወደ መርካቶ የመጣሁት ስዳር ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያኔ ወንዱ ሁሉ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ቦላሌ ሱሪ ካላሰፋሁ የሚልበት ዘመን ስለሆነ እጁ ሥራ አልፈታም። እኔም በረንዳው ላይ ክርና ቁልፍ እሸጥ ጀመር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ሁለቱን ይዞ የተቀመጠ ሰው የበላ ነው የሚባለው። ዛሬ ዱባይ ተራ በሚሉት በኩል ያኔ ዱባይ የሚባል አገር መኖሩን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሰው ኩራት የጣሊያን ጫማ ነበር። የሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ ያቃስታል፤ አንዱ ዘፋኝ ሲያርፍ ሌላው ይቀበለዋል፤ እኔ ቁልፍ እየለየሁ ስንቱን ዘፈን ሳላስበው በቃሌ ያዝኩት። አፍሮ ያበጠሩ ጎረምሶች ከሲኒማ መልስ እየተገፋፉ ያልፋሉ። ዛሬ የልጅ ልጄ ጆሮዋ ላይ አንዲት ነጭ ፍሬ ሰክታ ብቻዋን ስትስቅ ሳያት ያን ሁላችንም አንድ ላይ የሰማነውን ዘፈን አስባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎረቤቶቼ "አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትቀቢው?" ይሉኝ ነበር። የተቀባሁት ነገር አልነበረም። ነጠላዬ ውስጥ የገባው የገረቦ ጥድ ጢስ ነው፤ ስንት ጊዜ ባጥበውም አለቅ ብሎኝ ቆየ። በኋላ ለቀቀ፤ ሲለቅ ግን ልብ አላልኩትም።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዘርጋ ከእኔ በፊት ነበር የመጣው። ካልሲና ማበጠሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጀምሮ፣ ምስማርና ማጠፊያ የሚሸጥበት የራሱን ሱቅ እስከ መክፈት ደርሷል። ለአባታችን አንድ ወንድ ልጅ እሱ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከገረቦ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያድረው በሱ ሱቅ ወለል ላይ፣ መጀመሪያ የሚበላው በሱ ሰሃን ነው። ሲስቅ ሙሉ ሆዱ ይስቃል። የሚያስለቅሰኝም ለዚህ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር።

የግንዱን ነገር አሁን ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ያለዚህ አይገባም። የገረቦ ዱር የአንድ ሰው አልነበረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽማግሌዎች ይገቡና ያረጀውን፣ ነፋስ የጣለውን ዛፍ ለይተው ለየቤቱ ያደርሳሉ። የመስቀል እንጨት እሱ ነው። አባትና ወንዶች ልጆች አብረው ይፈልጡታል፤ ከመስቀል በፊት ባሉት ቀናት መንደሯ የምሳር ገበያ ትመስላለች። መርካቶ የገባ ወንድ ልጅ ያለው አባት ደግሞ አንድ ግንድ ሳይፈልጥ ይተዋል። ቋጠሮ የበዛበትን፣ አስቸጋሪውን መርጦ ደጃፉ ላይ ያጋድመዋል። ልጁ ለበዓል ሲመጣ ምንም ከመቅመሱ በፊት ኮቱን አውልቆ ያን ግንድ ይፈልጣል። የመስቀሉ ድስት የሚፈላው በዚያ ፍልጥ ነው። ከተማው አላለሰለሰኝም፣ አሁንም ያንተ ነኝ ማለቱ ነው። ልጁ ካልመጣ ግንዱ ባለበት ይቆያል፤ በዓመቱ ሌላ ይጨመርበታል። ሌላ ሰው አይነካውም። ሌላ ሰው የሚፈልጠው የሞተ ልጅ ግንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን ልጁ እንደቀረበት ለማወቅ ገረቦ ውስጥ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በጀፎረው ላይ እየሄዱ ደጃፍ ደጃፉን ማየት ይበቃል።

ለሴት ልጅ ግንድ አይተውም። ሴት ልጅ ተድራ የሄደች ናት፤ ትምጣም ትቅርም ደጃፉ ላይ ምንም አይጋደምላትም።

ጋሼ ዘርጋ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይመጣ ነበር። ነጭ ሸሚዙን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ሲፈልጥ፣ እናቴ በሕይወት ነበረችና እልልታዋ ገደሉን ይሻገር ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀረ። አዲስ ዓመትና የትምህርት መክፈቻ ሲገናኙ ገበያው ይደራል፣ ሱቅ ጥሎ መሄድ ይከብዳል፤ እውነቱን ነው። ቀጥሎ ያ ክፉ ጊዜ መጣና መንገዱ ተዘጋ፤ ማንም ወዴትም አልሄደም። መንገዱ ሲከፈት ሚስቱ ታመመች። ሚስቱ ስትድን ደግሞ ሌላ ነገር ተጀመረ፤ ይህኛውን በአፉ አልተናገረውም፣ እኔ ግን ዓይኑ ውስጥ አየሁት። አፈረ። ግንዱ በበዛ ቁጥር መሄድ ይከብደዋል፣ በቀረ ቁጥር ግንዱ ይበዛል።

"ጋሼ፣ ዘንድሮስ?" እለዋለሁ ሱቁ ሄጄ፤ መስከረም ሊጠባ ሲል።

"ዘንድሮን እንኳ ተዪኝ፣ ብሬ። ለከርሞ ሄጄ አንድ ላይ እፈልጠዋለሁ።" ምስማር መመዘኑን አያቆምም። "ስንት ደረሰ?"

"ሂድና ቁጠረው።"

እኔ ግን በየዓመቱ እሄድ ነበር። እርጉዝ ሆኜም፣ ባሌ ከሞተ በኋላም። ጉልበቴ እስኪዝል ሽቅቡን ወጥቼ፣ ጨው ስኳሩን ተሸክሜ ጀፎረው ላይ ብቅ ስል አባቴ ከሩቅ አይተው ይነሳሉ። አባ ገብሬ ይባሉ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው። ተነስተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ያያሉ። ከዚያ ነው እኔን የሚስሙኝ። "ዘርጋስ?" ይላሉ። ሁልጊዜ ከሰላምታው በፊት። ይወዱኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያቺ "ዘርጋስ?" እስከ ዛሬ እዚህ ጋ አለች፤ ደረቴ ላይ።

አንድ ዓመት ዝናቡ አልወጣ ብሎ እንጨቱ ሁሉ ረጠበ። እናቴ ከሞተች በኋላ ነው፤ አባቴ ብቻቸውን ናቸው፤ ምድጃው ጢስ ብቻ ሆነ። ደጃፉ ላይ ግን የጋሼ ዘርጋ ግንዶች በየዓመቱ የሣር ክዳን እየተሠራላቸው ደርቀው ተቆልለዋል። ተናደድኩ። ወጥቼ ምሳሩን አነሳሁ። ልጅ ሆኜ ተደብቄ ስፈልጥ ኖሬያለሁ፤ አይከብደኝም። አባቴ በሩ ላይ ቆመው "ተይ ልጄ" አሉኝ። "ወንድምሽን አትግደይብኝ።" ምሳሩን አስቀምጬ ገባሁ። የዚያን ዕለት ጥሬ ነገር በልተን አደርን።

መጋዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ዘርጋ አንድ ቀን ትልቅ ካርቶን አስይዞ አማኑኤል ቤቴ ድረስ መጣ። ሲከፍተው ቀይ የሞተር መጋዝ ነው፤ ያኔ መርካቶም ገና ብርቅ ነበር።

"አባባ በዚያ ዕድሜያቸው በምሳር ሲታገሉ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ" አለኝ። "ይሄ ገመዱን ስትስቢው በራሱ ይቆርጣል። ቅቤ ነው የሚመስልሽ።"

"አንተ ሄደህ ብትፈልጥ አይሻልም?"

"እሱንም እሄዳለሁ" አለ። ከዚያ መጋዙን በጨርቅ ወለወለው፤ አንድ አቧራ አልነበረበትም። ስጦታው ከልቡ ነበር። በሱ ቤት፣ መሄድ ያቃተው ልጅ ከመርካቶ የሚልከው ከሁሉ የተሻለው ነገር እሱ ነው።

አውቶቡስ ላይ እግሬ ሥር አድርጌ ወሰድኩላቸው። አባቴ አገላብጠው ዳሰሱት፤ አመሰገኑ፤ መረቁ። "ለዘርጋ ግንድ ግን አይሆንም" አሉ። "እሱ የእጅ ነው።" መጋዙንም ቆጥ ላይ ሰቀሉት። እዚያው ተሰቅሎ ቢቀር ምን ነበረበት! ግን ገረቦ ውስጥ ዕቃ መከልከል ነውር ነው። ምሳር የለመነህን ጎረቤት የለኝም አትለውም፤ ከምድጃህ ላይ ድስትህን እንኳ ቢጠይቅህ ታወርድለታለህ። ስለዚህ አንዱ ለበር ጣውላ ወሰደው፣ አንዱ ለላም በረት፣ አንዱ ለልጁ ጎጆ። የሽማግሌዎቹ ልየታ የተሠራው በምሳር ለሚቆርጥ ሰው ነበር፤ አንድ ዛፍ ለመጣል ቀኑን ሙሉ የሚለፋ ሰው ሁለተኛውን አይመኝም። በመጋዙ ግን ከቁርስ እስከ ምሳ የፈለግከውን ትጥላለህ። ይህ ለጣውላ ነጋዴዎች ተሰማ። የጭነት መኪና የሚያወጣ መንገድ ተቆረጠ፤ መንገድ ገባልን ብለን ጨፈርን፣ እኔ ራሴ ጨፍሬያለሁ። ሌሎች መጋዞችም መጡ። ያ ሁሉ ዘመን በምሳር ያልተጎዳ ዱር ጥቂት ዓመት አልቆየም። የዘንድሮ ዛፍ ሲቆረጥ ከርሞ ሌላ ያለ ይመስለን ነበር። ጉቶው መሃል ባሕር ዛፍ ተተከለ። የላሚቱ ምንጭ ቀጠነና ሴቶቹ በጣሳ የሚቀዷት ኩሬ ሆነች። የየደጁ የልጆች ግንድ እንኳ፣ ዋጋው ሲጨምር፣ አንድ በአንድ እየተጫነ ሄደ። አባቶቹ ደጃፋቸውን አያዩም ነበር ሲጫን፤ ወደ እንሰቱ ዞረው ይቆማሉ። የአባቴ ብቻ ቀረ።

በዚያው ጊዜ የአባቴ ዓይን በሞራ ጠፋ። መጀመሪያ ጉም ነው አሉ፤ ጉሙ ግን አልተገለጠም። ሆስፒታል ልውሰድዎ ብዬ ስለምን "ዘርጋ መጥቶ ባያገኘኝስ?" ብለው ከደጃፋቸው አልወጣ አሉ። መጋዙ ሲጮህ "የማን ነው?" ይላሉ፤ "የእገሌ ባሕር ዛፍ ነው አባ ገብሬ" ይላቸዋል ያለፈው ሁሉ። ማንም ተሰብስቦ አልመከረበትም። የዱሩን ማለቅ ለኚህ ሰውዬ መንገር የሚችል አፍ ከመንደሩ ጠፋ እንጂ። ዱሩ በልጃቸው መጋዝ ተጀመረ ብሎ ማን ይንገራቸው! እሳቸው "ዱሩ እንዴት ነው?" ብለው እንደ ዘመድ ይጠይቃሉ፤ ሰዉም "ደህና ነው" ይላቸዋል፤ ልክ እንደ ዘመድ። "ጉሬዛው ምነው ጠዋት አይጮህም?" ሲሉ "ወደ ማዶ ተሻግሯል" እንላለን። እኔም ብያለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስከረም ሊጠባ ሲል፣ አባቴ በጎረቤት ልጅ ስልክ ጋሼ ዘርጋን አስደወሉ። እኔ ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማል፤ በጉም ውስጥ እንደሚጣሩት ነው የሚጮኹት።

"ዘርጋ! ዘንድሮ የምትመጣ ከሆነ ና! ከዚህ በኋላ የሚጠብቅህ እንጨቱ ብቻ ነው!"

ወንድሜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠጉሩ ነጭ ነው፣ ስኳር አለበት፣ ጉልበቱም እንደኔው ነው። ከዚያ ተነስቶ ከራሱ መደርደሪያ ላይ አዲስ ምሳር አወረደና እጀታውን በእጁ መዘነ። "ብሬ፣ እንሂድ" አለኝ።

በመኪና ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ፣ ሲያስቀኝ፣ የድሮ ሰዎችን ስም እየጠራ አነጋገራቸውን ሲያስመስል ነበር። ሽቅቡን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ ድንገት የሾፌሩን ትከሻ ያዘው።

"ተሳስተሃል፤ ይሄ አይደለም። ተመለስ።"

ሾፌሩ እኔን በመስታወቱ አየኝ። "ልክ ነው ጋሼ" አልኩት። "ገረቦ ነው።"

በመስኮቱ ወደ ኮረብታው አየ። የከሰለ ጉቶ፣ ቀይ አፈር፣ እዚህም እዚያም ቀጫጭን ባሕር ዛፍ። ነግሬው ነበር፤ በየዓመቱ ስመለስ ነግሬዋለሁ፤ ግን ሱቅ ውስጥ ሆኖ መስማት ሌላ ነው። "ሁሉም?" አለኝ። "ሁሉም" አልኩት። ከመኪናው ከመውረዱ በፊት አባባ እንደማያውቁ ነገርኩት።

አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። የልጃቸውን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ዳሰሱት፤ ጢሙን፣ ጆሮውን። "አርጅተሃል እኮ" አሉት። ሁለቱም አለቀሱ። ቡና እንኳ ሳይቀርብ፣ ጋሼ ዘርጋ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝና ከቁልሉ ላይ አንዱን ግንድ አንከባልሎ አወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ ጀፎረው ላይ ተሰብስቧል። የመጀመሪያው ምት ነጠረበት። ሁለተኛውም። ሰዉ ቆሞ ያያል፤ መርዳት አይቻልም። ላቡ ሸሚዙን ካጠበው በኋላ ግን እጁ የድሮውን አስታወሰ መሰለኝ፣ ስንጥቁን አገኘውና ግንዱ ለሁለት ተከፈለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ።

አባቴ እጃቸውን አነሱ። ዝም በሉ ማለታቸው ነው። ፊታቸውን ወደ ዱሩ በኩል አዙረዋል።

"ድገመው" አሉ።

ደገመው።

"አንዴ ደግሞ።"

ደገመው። ምሳሩ ጧ አለ፤ ከዚያ ምንም የለም።

"ዱሩ ለምን አይመልስም?" አሉ አባቴ።

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ልብ ያልነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ምሳር ሲመታ ድምፁ ከዛፎቹ ተመልሶ ይሰማ ነበር፤ አንድ ሰው ሲፈልጥ ሁለት ሰው ይመስላል። ዱሩ ዝም ያለበትን ዓመት ከመካከላችን ያስተዋለ የለም።

"ነፋሱ ወዲያ እየወሰደው ነው፣ አባ ገብሬ" አለ አንዱ ጎረቤት።

"ነፋስ የለም" አሉ።

ጋሼ ዘርጋ ምሳሩን መሬት አስቀመጠና ፊታቸው ተንበረከከ። "ዱሩ የለም፣ አባባ" አለ። "አልቋል። እኔ በላክሁት መጋዝ ነው የተጀመረው። እርስዎ እንዳያዝኑ ብለው ነው የደበቁዎት።"

አባቴ አልጮኹም፤ አልተራገሙም። እጃቸውን ጭኖቻቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ "ስንቱን ፈለጥክ?" አሉት።

"አንዱን ብቻ ነው።"

"ይበቃል። የቀረውን ተወው።"

በትራቸውን ፈልገው ተነሱና ወደ ቁልሉ ሄዱ። የላይኛውን ግንድ በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት። "ይሄ ጥዱ ነው" አሉ፤ "ከላሚቱ ምንጭ በላይ የነበረው። አንተን ንብ የነደፈህ እሱ ሥር ነው። አሁን ቦታው ላይ ምን አለ?"

ጋሼ ዘርጋ ወደ እኔ ዞረ። አያውቀውም። ከምንጩ በላይ ማለት የት እንደሆነ እንኳ ጠፍቶበታል።

"ባሕር ዛፍ ነው፣ አባባ" አልኳቸው እኔ።

ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። "ዝግባው ነው። ከገደሉ አፍ፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት። እዚያስ?"

"ጉቶው አለ። ሌላ የለም።"

"ይሄ ወይራ። ከእናትሽ መቃብር ራስጌ።"

"ባሕር ዛፍ።"

"ኮሶው? ጉሬዛዎቹ የሚያድሩበት?"

"እዚያ ደግሞ ባዶ ነው፣ አባባ። አፈሩም ወርዷል።"

እንዲህ እያሉ ቁልሉን እስከ ታች ሄዱበት። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ወንድሜ በመካከላችን እንደ እንግዳ ቆሞ ይሰማል። ሲጨርሱ ትንሽ አረፉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ድምፅ መልሰው፣ "ብርነሽ" አሉኝ፤ "ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግንዱ ያንቺ ነው።"

ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ቃል ነው። ልጅ ሆኜ፣ ተድሬ፣ መበለት ሆኜ፣ ያን ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር ደጃፉ ላይ አንድ ግንድ፣ ቀጭንም ቢሆን፣ ለእኔ ተጋድሞ ባየሁ ብዬ ነበር የምወጣው። ሲሰጠኝ ግን ደስ አላለኝም። ሆድ ባሰኝ። ጋሼ ዘርጋ ምሳሩን ከመሬት አንስቶ በሁለት እጁ አቀበለኝ፤ አልተቀበልኩትም። የዚያን ዓመት የመስቀል ድስታችን የፈላው ከጎረቤት በመጣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ይንጣጣል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ ዓይን ያቃጥላል።

አባቴ አርፈዋል። ግንዶቹ እዚያው ደጃፉ ላይ ናቸው፤ የሣር ክዳናቸውን በየዓመቱ ሄጄ አሳድሳለሁ። ገዢ ይመጣል። የመንደሩ ልጆችም "እትዬ ብርነሽ፣ ወይ አያስፈልጧቸው ወይ አይሸጧቸው፤ ምን ያደርጉልዎታል?" ይሉኛል። እነዚህ ልጆች የተወለዱት ከባሕር ዛፉ በኋላ ነው። ግንዶቹን ፈልጬ አንድጄ የጨረስኩ ዕለት ገረቦ ዱር ነበራት ብል ማን ያምነኛል?